ከሜዳ ወደ አዳራሽ፣ ከአዳራሽም ወደ ሜዳ፤ የወቅት ዜማዎቻችን በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ

ስለ ኢትዮጵያ ዜማ እስካሁን የተጻፉት ጥናቶች በአመዛኙ የሚያተኩሩት በቤተ ክርስቲያን ዜማ፣ በአዝማሪዎች ጥበብና በዘመናዊው የከተማ ሙዚቃ ላይ ነው። ባለሙያ ያልሆነው ሕዝብ፣ በተለይም ሕፃናትና ወጣቶች፣ ከቤት ውጭ ተሰብስበው በየወቅቱ የሚያዜሟቸው የአደባባይና የሜዳ ዜማዎች ግን እንደ ልጆች ጨዋታ ተቆጥረው ብዙ ጊዜ ይታለፋሉ። እኛ በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማሳየት የምንሞክረው እነዚህ ዜማዎች ጨዋታ ብቻ አለመሆናቸውን ነው። አንድ ማኅበረሰብ የሚኖርበትን ምድር ሣሩን፣ አበባውን፣ ዝናቡንና ብርሃኑን በስም እየጠራ ለልጆቹ የሚያስተዋውቅባቸው ትምህርት ቤቶች ናቸው። ከዚህ የሚከተለው ጥያቄም ቀላል አይደለም። ዜማው ከምድሩ ተነቅሎ በዋሽንግተን ዙሪያ፣ ይኸውም በሜሪላንዱ ሲልቨር ስፕሪንግና በቨርጂኒያው አሌክሳንድሪያ ሲተከል ምን ያስተምራል? የትኛውንስ ምድር ያስተዋውቃል?

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ተብሎ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲገነዘብልን እናሳስባለን።

፩. ዜማና ወቅት በአገር ቤት

በሰሜንና በመካከለኛው ኢትዮጵያ ደጋ ክፍል ከዓመቱ ዝናብ አብዛኛው የሚጥለው ከሰኔ እስከ መስከረም መግቢያ ባሉት ወራት ነው። ይህ ክረምት ሰውን ከሰው የሚለይ ወቅት ነው። ወንዞች ይሞላሉ፤ መንገድ ይቈረጣል፤ ጎተራውም ይሟጠጣል። የወቅት ዜማዎቻችን ብዙዎቹ ክረምቱ በሚያበቃበት በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ ተከማችተው መገኘታቸው እንግዲህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም።

መጀመሪያ የሚመጣው ነሐሴ 13 ቀን የሚውለው ቡሄ ነው። ቤተ ክርስቲያን በዚህ ዕለት የደብረ ታቦርን በዓል ታከብራለች። ወንዶች ልጆች ጅራፍ እየገመዱ ያጮኻሉ፤ ዱላቸውን መሬት ላይ እየመቱ ሆያ ሆዬ እያሉ ከደጅ ደጅ ይዞራሉ፤ ሙልሙል ዳቦም ይቀበላሉ፤ ማታ ችቦ ይበራል። ቡሄ ካለፈ ክረምቱ እንዳለቀ ይቈጠራል የሚለው የቈየ ብሂል በዓሉ ከሃይማኖታዊው ትርጉሙ ሌላ የአየር ለውጥ ምልክት መሆኑን በግልጽ ያመለክታል።

ቡሄ ባለፈ በሦስተኛው ቀን፣ ነሐሴ 16፣ የልጃገረዶቹ ተራ ይሆናል። ይህ በዓል በትግራይ አሸንዳ፣ በዋግ ኽምራ ሻደይ፣ በላስታ አሸንድዬ፣ በራያ ቆቦ ሶለል ይባላል። ልጃገረዶች በወገባቸው ዙሪያ ለምለም ሣር አስረው፣ ከበሮ እየመቱ በቡድን ይዘፍናሉ። ልብ ልንለው የሚገባው ነገር የበዓሉ ስም ራሱ የሣሩ ስም መሆኑ ነው። ሣሩን የማታውቅ ልጅ በዓሉን በስሙ ልትጠራው ትችላለች፤ ምን እንደ ጠራች ግን አታውቅም።

በጎጃም ደግሞ በዘመን መለወጫ ዋዜማ እንግጫ ነቀላ አለ። ልጃገረዶች እንግጫ የተባለውን ሣር መሰል ተክል እየዘፈኑ ከመስኩ ይነቅላሉ፤ ጐንጕነውም ወደ ቤት ይወስዱታል። በመስከረም 1 ቀን አደይ አበባና ቄጠማ የያዙ ሴቶች ልጆች በየደጁ የሚያዜሙት አበባየሆሽ ከእነዚህ ሁሉ በሰፊው የታወቀው ነው። አንዲት ልጅ ታወጣለች፤ ሌሎቹ ይቀበላሉ፤ ተቀባዮቹ ደጋግመው የሚመልሱትም ልምላሜን የሚጠራ ቃል ነው።

እነዚህን ዜማዎች አንድ የሚያደርጓቸው ሦስት ጠባዮች አሉ። አንደኛ፣ አውጪና ተቀባይ ስላላቸው ብቻውን የሚዘፍናቸው ሰው የለም። ሁለተኛ፣ ከመዝፈን በፊት ወደ መስክ መውጣትን፣ ማለትም ሣሩን ማጨድን፣ አበባውን መልቀምንና ችቦውን ማሰርን ይጠይቃሉ። ሦስተኛ፣ ጊዜያቸው የተወሰነ ነው፤ አበባየሆሽን በየካቲት የሚዘፍን አይገኝም። ስለዚህ አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ ዜማውን ስትማር ከዜማው ጋር አደይ የት እንደሚበቅል፣ ቄጠማ ከየትኛው ረግረግ እንደሚታጨድና ዝናቡ መቼ እንደሚያባራ ትማራለች። በደቦና በወንፈል ሥራ ላይ፣ በአጨዳና በአውድማ የሚዜሙት የገበሬ ዜማዎችም በዚሁ መንገድ ሥራን፣ ወቅትንና ጉርብትናን አንድ ላይ ያስተምራሉ።

፪. የያሬድ ወፎች

በሕዝቡ ዜማ ውስጥ ያየነው የዜማና የተፈጥሮ ትሥሥር በሊቃውንቱም ዘንድ የጸና መሠረት አለው። በስድስተኛው መቶ ዓመት በአክሱም እንደ ነበረ የሚነገርለት ቅዱስ ያሬድ፣ ገድሉ እንደሚተርከው፣ በትምህርቱ ተስፋ ቈርጦ በዛፍ ጥላ ሥር ባረፈ ጊዜ ደጋግሞ እየወደቀ በመጨረሻ ከዛፉ ጫፍ ከደረሰ ትል ትዕግሥትን ተማረ። ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የተባሉትን ሦስቱን የዜማ ስልቶችም ከገነት ከተላኩ ሦስት ወፎች ሰማ። ትረካውን እንደ ታሪክ ለሚቀበለውም፣ እንደ ምሳሌ ለሚመለከተውም መልእክቱ አንድ ነው፤ ዜማ ከሰው አልተጀመረም፤ ሰው የሰማውን ነው ያዜመው። በፓፑዋ ኒው ጊኒ ደን ውስጥ የሚኖሩትን የካሉሊ ሕዝቦች ያጠናው አሜሪካዊው ስቲቨን ፌልድ በ1982 ባሳተመው መጽሐፍ በዚያም ሕዝብ ዘንድ ዜማ ከወፎች ድምፅ ጋር የተሣሠረ መሆኑን አሳይቷል። ይህ እሳቤ እንግዲህ የእኛ ብቻ አይደለም።

የቤተ ክርስቲያን ዜማ የዘመን አከፋፈልም ይህንኑ ያጠናክራል። ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ያለው ጊዜ ዘመነ ክረምት፣ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያሉት 40 ቀናት ዘመነ ጽጌ ይባላሉ፤ ለየዘመኑም የሚስማማ ዜማ አለው። ማኅሌተ ጽጌ የሚቆመው ምድር በአበባ በምትሸፈንበት ወራት ነው። ዜማው የሚጠናበት ስፍራም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ ከቤት ውጭ፣ በአጸድ ሥር ነው። በደቡብ ጎንደር የድጓ ማስመስከሪያ በሆነችው በቤተ ልሔምና በሌሎችም አድባራት ተማሪዎች ዜማቸውን ሲቀጽሉ የኖሩት በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ በተጠበቀው ደን ጥላ ነው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በ2007 በኔዘርላንድስ ዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ባቀረቡት ጥናት እንዳመለከቱት፣ በሰሜን ኢትዮጵያ የቀረው የተፈጥሮ ደን በአብዛኛው የሚገኘው በእነዚሁ አጸዶች ውስጥ ነው። ዜማውን ያቈየው ቅጥር ደኑንም አቈይቷል።

፫. በትእዛዝ የተዘመረ

ይሁን እንጂ ከቤት ውጭ በኅብረት መዘመር ሁልጊዜ የነፃነትና የደስታ ምልክት ነው ብለን ብናልፍ እውነቱን መሸፈን ይሆናል። ከ1974 አብዮት በኋላ በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተላኩ፤ ብዙዎቹም የገበሬውን ዜማ በስፍራው የሰሙት ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር። ነገር ግን በተከታዮቹ ዓመታት ቀበሌዎችና የኪነት ቡድኖች የአደባባዩን ዜማ ወደ ሰልፍ መዝሙር ለወጡት። መዘመር ግዴታ፣ ዝም ማለትም ጥርጣሬ የሚያስከትል ሆነ። ከዚያ ትውልድ ወገን በስደት የምንኖር ብዙዎች በአደባባይ በኅብረት ለመዘመር ስንጋበዝ የምናሳየው ማመንታት ከዚህ የመነጨ ሳይሆን አይቀርም። ለልጆቻችን ልናስተላልፈው የምንፈልገው ዜማ በአዋጅ የተዘመረውን ሳይሆን ልጆች በየደጁ በራሳቸው ፈቃድ ያወጡትንና የተቀበሉትን መሆን አለበት።

፬. የተቀበለን ምድርና የራሱ ዜማ

ከአብዮቱ በኋላ፣ በተለይም የ1980 የስደተኞች ሕግ ከወጣ ወዲህ፣ ኢትዮጵያውያን በዋሽንግተን በብዛት ሰፈሩ። ከ1995 ጀምሮ በዕጣ የሚሰጠው የዲቪ ቪዛ ቍጥሩን ይበልጥ አሳደገው። በአዳምስ ሞርገንና በዩ ጎዳና የተጀመረው ሰፈራ የቤት ኪራይ ሲወደድ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና ወደ አሌክሳንድሪያ ተስፋፋ። የዋሽንግተን ከተማ በ2004 ባወጣው የቋንቋ አገልግሎት ሕግ አማርኛ ከሚሠራባቸው ቋንቋዎች አንዱ ሆነ። ሲልቨር ስፕሪንግ የምትገኝበት የሞንጎመሪ አውራጃም በ2012 ከጎንደር ጋር የእኅትማማችነት ግንኙነት መሠረተ።

የሰፈርንበት ምድር ግን ባዶ ምድር አልነበረም፤ ከቤት ውጭ የመዘመር የራሱ ረጅም ታሪክ አለው። በሜሪላንድ በባርነት የተወለደው ፍሬድሪክ ዳግላስ በ1845 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ፣ ባሮች ወደ ጌታቸው ዋና እርሻ ሲጓዙ በጫካው መካከል ይዘምሩ እንደ ነበር፣ ደኑም ድምፃቸውን ያስተጋባ እንደ ነበር ጽፏል። ይህን መዝሙር የደስታ ምልክት አድርጎ የሚወስድ ሰው ፈጽሞ እንደሚሳሳትና መዝሙሩ የኀዘን መግለጫ እንደ ነበረም አጥብቆ ያስረዳል። በአሌክሳንድሪያ ዱክ ጎዳና ላይ ከ1828 ጀምሮ ይሠራ የነበረው የፍራንክሊንና አርምፊልድ የባሪያ ንግድ ቤት በዘመኑ ከአገሪቱ ታላላቆቹ አንዱ ነበር። ዛሬ የእኛ ልጆች የሚጫወቱበት መስክ ይህን ሁሉ የሰማ መስክ ነው።

በሌላ በኩል በ1873 ሜቶዲስቶች በሞንጎመሪ አውራጃ ዋሽንግተን ግሮቭ በተባለው የኦክ ደን ውስጥ የጉባኤ ስፍራ መሠረቱ። በዚያው ዓመት ሲልቨር ስፕሪንግን አልፎ የሚሄደው የባቡር መስመር ተከፍቶ ስለ ነበር ምእመናን ከከተማው በባቡር እየመጡ በድንኳን ሰፍረው ከዛፎች ሥር ይዘምሩ ነበር። ከዚህም ይልቅ የታወቀው ሚያዝያ 9 ቀን 1939 የሆነው ነው። ጥቁሯ አሜሪካዊት ማሪያን አንደርሰን በቆዳዋ ቀለም ምክንያት ኮንስቲቲዩሽን የተባለው አዳራሽ ስለ ተከለከለች፣ በትንሣኤ በዓል ቀን በሊንከን መታሰቢያ ደረጃ ላይ፣ በሰማይ ሥር፣ 75 ሺህ ለሚሆን ሕዝብ ዘመረች። አዳራሹ የነፈጋትን ሜዳው ሰጣት። በዚህ አካባቢ ወደ ሜዳ ወጥቶ መዘመር እንግዲህ እንግዳ ልማድ አይደለም፤ ባዕዳንም አያደርገንም።

፭. ያልተገጣጠሙ ወቅቶች

ወደ ዋናው ጥያቄያችን እንመለስ። በዋሽንግተን አካባቢ በዓመት ከ1000 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ዝናብ ይጥላል፤ ነገር ግን በወራቱ ሁሉ ተከፋፍሎ ስለሚጥል ክረምት የምንለው አንድ የዝናብ ወቅት የለም። ቡሄ የሚውለው ነሐሴ 19 እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር፣ በሙቀቱ ማብቂያ ላይ ነው። መስከረም 1 ሲገባ ቀኑ እያጠረ፣ የዛፎቹም ቅጠል ሊወይብ እየተቃረበ ይሄዳል። አገር ቤት የልምላሜ መግቢያ የሆነው ቀን እዚህ የልምላሜ መውጫ ነው። በጥር 11 የሚከበረው ጥምቀትም በጎንደር በፋሲል መዋኛ በጠራ ፀሐይ ሲከበር እዚህ ብርዱ ወደ በረዶ መፍጠሪያው በሚቃረብበት ወር ይውላል።

ከዚህ የተነሣ ዜማዎቻችን በስደት ምድር ወደ ቤት ገቡ። አበባየሆሽ በአዳራሽ፣ በምግብ ቤትና በቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት፣ ለሥራ በሚያመቸው ቅዳሜና እሑድ፣ በማይክሮፎን ይዘፈናል። ልጆቹ ወደ ደጅ አይዞሩም፤ በመድረክ ላይ ተሰልፈው ወላጆቻቸው ፎቶግራፍ ያነሧቸዋል። አበባው ከሱቅ የተገዛ ወይም ከወረቀት የተሠራ ነው። ይህን ለሚያዘጋጁት ወላጆችና መምህራን ያለን አክብሮት ከፍ ያለ ነው፤ ያለ እነርሱ ድካም ቃሉም ባልቀረ ነበር። ነገር ግን አንድ ነገር ጎድሏል። ዜማው ተቀባይ የነበረውን ሕዝብ ወደ ተመልካችነት ለውጦታል፤ የሚጠራው ልምላሜም በዐይን የማይታይ ሆኗል።

አንዳንዶች ወቅቱ ካልተገጣጠመ ዜማው በአዳራሽ ቢቀር ምን ይጐዳል ይላሉ። ክርክሩ ክብደት ያለው ነው፤ በዓል መታሰቢያ ነውና የግድ ከአየሩ ጋር መስማማት የለበትም። እኛ ግን ወቅቱ ጨርሶ አልተገጣጠመም የሚለውን መነሻ አንቀበልም። የዕፅዋት ሊቃውንት አደይ አበባን የሚመድቡት ቢደንስ በሚባለው ወገን ውስጥ ነው። የዚሁ ወገን ሌሎች ዝርያዎች በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የመንገድ ዳርና በፖቶማክ ወንዝ ረግረጎች ይበቅላሉ፤ እንደ አደይም ቢጫ አበባቸውን የሚያወጡት በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም ነው። ቢደንስ በላቲን ባለ ሁለት ጥርስ ማለት ሲሆን፣ የብዙዎቹ ዝርያዎች ፍሬ በጫፉ ጥርስ መሰል ሹሎች ስላሉት የተሰጠ ስም ነው፤ በእነዚህም ፍሬው በመንገደኛ ልብስ ላይ ተጣብቆ ወደ ሩቅ ስፍራ ይጓዛል። የአደይ እኅት እንግዲህ በእንቁጣጣሽ ሰሞን ከአሌክሳንድሪያ አጠገብ አብባ ትጠብቀናለች። አዳራሽ ውስጥ ሆነን ሳናያት ስንቀር ጕድለቱ የወቅቱ ሳይሆን የእኛ ይሆናል።

የዚህ ምድር የራሱ የኅብረት ዘማሪዎችም አሉ። ሲካዳ የሚባሉት በራሪ ነፍሳት በአካባቢው በየ17 ዓመቱ ከመሬት ወጥተው ዛፎቹን በአንድ ድምፅ ይሞላሉ። በ1987፣ በ2004 እና በ2021 ወጥተዋል፤ የሚቀጥለው ተራቸው በ2038 ነው። በሰማንያዎቹ መጀመሪያ የመጣ ስደተኛ ሦስት ጊዜ ሰምቷቸዋል። ይህን ያህል ዘመን የኖረ ሰው በዚህ ምድር መንገደኛ ነኝ ሊል አይችልም።

፮. ከሜዳው የሚጠበቅብን

ዜማውን ወደ ውጭ መመለስ ግን በምኞት ብቻ አይፈጸምም። በአገር ቤት የልጆቹ ዜማ የቆመው ማንም ሳይጽፈው በጸና መብት ላይ ነው። ልጅ ከመስክ አበባ ቢለቅም፣ ከወንዝ ዳር ቄጠማ ቢያጭድ፣ በማንም ደጅ ቢቆም አይከለከልም። በዚህ አገር በሕዝብ መናፈሻዎችና በብሔራዊ ፓርክ ይዞታ ባለው ዳይክ ማርሽ ረግረግ አበባ መልቀም በደንብ የተከለከለ ነው፤ ችቦና ደመራ ለማንደድም ፈቃድ ያስፈልጋል። ክልከላው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሚሊዮኖች የሚኖሩበት ከተማ የቀረውን ረግረግ የሚጠብቀው በዚህ ነው። የእኛም አድባራት የአጸዱን ዛፍ እንዳይቈረጥ ሲገዝቱ የኖሩት በዚሁ ምክንያት ነውና ሕጉ ለባህላችን ባዕድ አይደለም።

ስለዚህ ሊደረግ የሚችለው ሁለት ነው። አንደኛው፣ አበባውን ሳይለቅሙ አበባው ወዳለበት ሄዶ መዝፈን ነው። በእንቁጣጣሽ ሰሞን ልጆችን ወደ ፖቶማክ ዳር ወይም በሲልቨር ስፕሪንግ ወደሚያልፈው ስላይጎ ወንዝ ወስዶ፣ ያለ ድምፅ ማጉያ፣ አውጪና ተቀባይ አድርጎ ማዘፈን ይቻላል። ሁለተኛው መትከል ነው። በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥርና በየግቢው የአካባቢውን የቢደንስ ዝርያ የዘራ ሰው በመስከረም የራሱን አበባ ይለቅማል፤ ልጁም አንድ ዓመት ሙሉ ሲያድግ ያየውን አበባ ይዞ ይዘፍናል።

ምሳሌ የሚሆኑን ሌሎች ስደተኞች አሉ። ኢስቶኒያውያን ከ1869 ጀምሮ በሜዳ በሺህ የሚቈጠሩ ሆነው የሚዘምሩበት በዓል አላቸው። አገራቸው በሶቪዬት አገዛዝ ሥር ሳለ የተሰደዱት ከ1972 ጀምሮ በቶሮንቶና በሌሎች ከተሞች የራሳቸውን በዓል አቋቋሙ። በ1988 በታሊን የዜማ ሜዳ የተሰበሰበው ሕዝብ መዝሙር አገሪቱ በ1991 ነፃነቷን መልሳ ለማግኘቷ እንደ ዋዜማ ይታያል። ዜማውን ያቈየው መድረክ ብቻ አልነበረም፤ እያንዳንዱ ሰው ቃሉን ያውቅ ስለ ነበር ነው።

በእኛም መካከል የተሠራው ጥቂት አይደለም። በሽልማቱ ዘመን የአሌክሳንድሪያ ነዋሪ የነበሩት ሊቀ ጠበብት ሞገስ ሥዩም ለያሬዳዊ ዜማ ባበረከቱት አገልግሎት በ2008 የአሜሪካን ብሔራዊ የቅርስ ሽልማት ተቀብለዋል። ፕሮፌሰር ኬይ ካውፍማን ሸለመይ በ2022 ባሳተሙት መጽሐፍ በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ሙዚቀኞች ማኅበረሰቡን በማቋቋም ረገድ የነበራቸውን ድርሻ በሰፊው መዝግበዋል። በሲልቨር ስፕሪንግ የቬተራንስ አደባባይ የተካሄዱት የኢትዮጵያ ፌስቲቫሎችም ዜማችንን ከአዳራሽ አውጥተው በሰማይ ሥር አሰምተዋል። የሊቃውንቱና የባለሙያዎቹ ታሪክ እየተጻፈ ነው። ያልተጻፈው የሕፃናቱ ነው፤ በአገር ቤት አበባየሆሽ ያወጡ፣ ጅራፍ የገመዱ፣ እንግጫ የነቀሉ እናቶችና አባቶች ገና በመካከላችን ሳሉ ይህንን ከአንደበታቸው መቅዳት የዚህ ማኅበር አባላት ሁሉ ሥራ ሊሆን ይገባል። ሲቀዳም ቃሉ ብቻ አይበቃም፤ ሣሩ ከየት ታጨደ፣ በምን ሰዓት ተወጣ፣ ማን አወጣ፣ ማን ተቀበለ የሚለው አብሮ መጠየቅ አለበት።

ሲልቨር ስፕሪንግ ስሟን ያገኘችው ፍራንሲስ ፕሬስተን ብሌር በ1840 አካባቢ ካገኘው፣ በውስጡ እንደ ብር የሚያብለጨልጭ አሸዋ ከነበረው ምንጭ ነው። ምንጩ ነበረበት ተብሎ የሚታመነው ስፍራ ዛሬ በሕንፃዎች መካከል ያለ ትንሽ መናፈሻ ነው፤ ስሙ ቀርቷል፤ ውኃው የለም። የወቅት ዜማዎቻችንም በስም ብቻ እንዳይቀሩ ከፈለግን ልጆቻችንን በመጪው መስከረም ይዘን መውጣት ይኖርብናል።